እናቴ ማህፀኗ ሊወጣ ነው፤ ከኦፕሬሽን በኋላ ሕመም ስለሚያስታግሰው "ብሎክ" የምታውቁ ንገሩኝ

የዘጌ ልጅ | እሑድ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሳነብ ከርሜያለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ 52 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ዘጌ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ባህር ዳር ስለምሠራ በስልክ ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ፊቷን ቶሎ ቶሎ አላይም። ለጥምቀት ስሄድ ከንፈሯ ነጥቶ አገኘኋት። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ቤት ያለችውን አጭር ዳገት ስንወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። በነጋታው ይዣት መጣሁ። ማህፀኗ ላይ ማዮማ የሚሉት እጢ አለ ተባለ፤ ትልቁ ብርቱካን ያህላል። ደሟ በጣም ወርዶ ስለነበር መጀመሪያ የደም ማነስ መድኃኒት ስትወስድ ቆየች። አሁን ተስተካክሏል። ሐሙስ ትተኛለች፤ አርብ ጠዋት በሆድ በኩል ማህፀኗ ይወጣል።

ኦፕሬሽኑን ለሐኪሞቹና ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

እትዬ የዛሬ ሦስት ዓመት በኦፕሬሽን ስትወልድ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። የት እንደሆነ ይቅር። እግሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሕመሙም አብሮ መጣ። የአልጋውን ብረት በአንድ እጇ ጨብጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አደረች። ጠዋት ነጠላውን ሳጥበው ጫፉ ተቦድሶ ነበር። ተረኛዋን ስጠራት "ኦፕሬሽን እኮ ነው፣ ቻይው" አለቻት። ልጁን ለማጥባት እንኳ መዞር አልቻለችም። ያን ሌሊት እናቴ ላይ ማየት አልፈልግም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን "እኔን ሆዴን ግራና ቀኝ ወጉኝና እስከ ማታ ተኛሁ፤ ብሎክ ነው ያሉኝ" አለችኝ። ይሄ ነገር ምንድን ነው? ወገብ ላይ ከሚወጋው ይለያል? ጉዳት አለው? ማንን ነው የምጠይቀው?

ዓባይ ማዶ | እሑድ፣ ማታ 3፡05

ይማርልሽ እህቴ። ስለ ብሎኩ አላውቅም። ደም የሚሰጥ ሰው ካስፈለገ ግን ጻፊልኝ፤ ቅርብ ነኝ።

የማደንዘዣ ሰው | እሑድ፣ ማታ 4፡20

የዘጌ ልጅ፣ እናትሽን ይማርልሽ። የአንስቴዥያ ባለሙያ ነኝ፤ ዶክተር አይደለሁም። የምሠራው እዚሁ ባህር ዳር ነው። ጥያቄሽ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ባልደረባሽ የነገረችሽ ታፕ ብሎክ የምንለውን ይመስለኛል። የሆድ ግድግዳ በጎን በኩል ሦስት ጡንቻ አለው። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደረብ ተነባብረው ነው ያሉት። የሆድን ቆዳና ጡንቻ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ከጀርባ አጥንት ይወጡና ወደ ፊት ይዞራሉ። ሲዞሩ የሚያልፉት በሁለተኛውና በሦስተኛው ጡንቻ መካከል ነው። ከስድስተኛው የደረት ነርቭ እስከ መጀመሪያው የወገብ ነርቭ ያሉት ሁሉ በዚያች ክፍተት ይሄዳሉ። እኛ የምንፈልገው ያቺን ክፍተት ነው። ማደንዘዣውን እዚያ ስናፈስሰው ቁስሉ የሚልከው የሕመም መልእክት መንገድ ላይ ይቆማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚታየውን አልትራሳውንድ ጎኗ ላይ እናሳርፋለን። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ ጡንቻዎች ጠቆር ብለው፣ በመካከላቸው ነጭ መስመር ይዘው ይታያሉ። መርፌዋ ስትገባ ጫፏን እያየናት ነው። ቦታዋ ስትደርስ መጀመሪያ ትንሽ ፈሳሽ እንገፋለን። ያኔ ሁለቱ ጡንቻዎች ይላቀቁና መካከላቸው ጥቁር ሆኖ ይከፈታል፤ የተጨፈነ ዓይን ቀስ ብሎ ሲገለጥ ዓይነት። ክፍተቷ ስትከፈት ሳላይ ቀሪውን መድኃኒት አልሰጥም። ከዚያ በሌላው ጎን ይደገማል። ቁስሉ ተሰፍቶ እንዳለቀ፣ ለኦፕሬሽኑ ወገቧ ላይ የተወጋው ማደንዘዣ (ስፓይናሉ) ገና ሳይለቅ ከተሠራ መርፌው ራሱ አይሰማትም።

ወገብ ላይ የሚወጋው ስፓይናል ሌላ ነው። እሱ ፈሳሹ ያለበት የጀርባ አጥንት ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከሆድ ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ሁሉ ያደነዝዛል፣ ኦፕሬሽኑም የሚሠራው በእሱ ነው። በጥቂት ሰዓት ይለቃል። ብሎኩ ወደ አከርካሪው አይጠጋም፤ እግርንም ለማደንዘዝ የታሰበ አይደለም።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ቡፒቫኬይን ነው። መጠኑ በኪሎ ይሰላል። እኔ በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም አላሳልፍም። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 0.25 ፐርሰንት ሆኖ ሲቀጠን በአንድ ሚሊ 2.5 ሚሊ ግራም ስላለው 40 ሚሊ ይሆናል፤ 20 በግራ፣ 20 በቀኝ። ስለዚህ ኪሎዋን በግምት አትናገሪ፤ ሚዛን ላይ ትውጣ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይሄን ሳይሰሙ የሚገቡ ሰዎች በኋላ "ብሎኩ አልሠራም" ይላሉ። ታፕ ብሎክ የሚያደነዝዘው ግድግዳውን ነው። ቆዳው፣ ጡንቻው፣ የተሰፋው ቦታ ዝም ይላል። ከውስጥ፣ ማህፀኑ ከነበረበት ቦታ የሚመጣው ቁርጠት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። እሱን ብሎኩ አያቆመውም። ስለዚህ ብሎክ ብቻውን አይበቃም። ከፓራሲታሞልና ከዳይክሎፌናክ ዓይነት መድኃኒት ጋር ነው የሚሄደው፤ ኩላሊትና ጨጓራዋ የሚፈቅድ ከሆነ።

ሌላው፣ ቁስሉ የት እንደሚሆን ጠይቂ። ከታች በፓንት መስመር አግድም ከሆነ ታፑ በደንብ ይይዘዋል። ከእምብርት በላይ የሚወጣ ቁም ቁስል ከሆነ ደግሞ ከጎድን አጥንት ሥር ተጨማሪ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሽንብጥ | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

አክብሬህ ነው የምጠይቅህ ወንድሜ። ባለቤቴ ስትወልድ ስፓይናል ከተወጋች ወዲህ ወገቤን ትላለች። አሁን ደግሞ ሁለት መርፌ ተጨምሮ ነርቭ ላይ ሊወጋ? ነርቭ ተነክቶ ሽባ የሆነ ሰው ቢኖርስ? በዳይክሎፌናክ ብቻ ድነው የሄዱ ስንት እናቶች አሉ። ለምን እንደሚጨመር አልገባኝም።

የማደንዘዣ ሰው | ሰኞ፣ ቀን 7፡30

ሽንብጥ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ብዙ ባሎች በልባቸው ይዘውት የሚፈርሙት ጥያቄ ነው።

በታፕ ብሎክ መርፌዋ ነርቩን አትፈልገውም። የምትፈልገው ነርቩ የሚያልፍበትን ክፍተት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ተንሰራፍቶ ይደርስበታል። አደጋ የለውም ግን አልልህም። መርፌዋ ጠልቃ አንጀት ልትነካ ትችላለች፤ በአልትራሳውንድ እያዩ መሥራት የሚፈለገው ለዚህ ነው። ደም ሊቋጥር፣ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ይሄ ከስንት አንዴ ነው። መድኃኒቱ ወደ እግር ነርቭ ሾልኮ ጭን የሚዝልበት ጊዜም አለ፤ በሰዓታት ይመለሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ስትነሳ ብቻዋን አትነሳ የምንለው።

እኔን የሚያስፈራኝ መድኃኒቱ በዝቶ ወይም ደም ሥር ውስጥ ገብቶ መመረዝ ሲያመጣ ነው። ምልክቱ አፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም፣ ጆሮ ጭው ማለት ነው። ከባሰ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ልብም ይዛባል። ስለዚህ ስንገፋ ትንሽ ትንሽ እያልን፣ በየመሃሉ ደም ይመጣ እንደሆነ ወደ ኋላ እየሳብን ነው። ማዳኛው 20 ፐርሰንት የስብ ፈሳሽ ነው፤ በደም ሥር ይሰጣል። ብሎክ የሚሠራ ሰው እሱ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ብትጠይቀው አይቀየምህም።

"ለምን ይጨመር" ላልከው፦ ታማሚዋ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ካልቻለች ሳንባዋ ሊመረቅዝ ይችላል። ካልተነሳችና ካልተራመደች እግሯ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። እንደ ፔቲዲንና ትራማዶል ባሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ብቻ ከያዝናት ደግሞ ታስመልሳለች፣ ትደነዝዛለች፣ አንጀቷ ቶሎ አይሠራም። ብሎኩ የእነዚያን መጠን ይቀንስልናል። ለእኔ ትርጉሙ ይኸው ነው። ስለ ባለቤትህ ወገብ ግን ለብቻው ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ከወሊድ በኋላ ወገብ የሚያሳምም ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሌም መርፌው አይደለም።

ፋሲሎ 77 | ሰኞ፣ ማታ 1፡50

እኔ ብሎክ ተሠርቶልኛል። አምና፣ እንቁላል ማቀፊያዬ ላይ የነበረ ትልቅ ውኃ ቋጣሪ እጢ ሲወጣልኝ ነው። የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርሽ።

ከኦፕሬሽን የወጣሁት 6 ሰዓት ቀን ላይ ነው። ሆዴን ስነካው የሌላ ሰው ሆድ ነው የሚመስለው። እህቴ አጥሚት ይዛ መጣች፣ እየሳቅሁ አወራኋት። ነርሷ ኪኒን ስታመጣ "አላመመኝም" ብዬ መለስኩት። ያ ነው ጥፋቴ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። መጀመሪያ ቁስሉ ላይ ሙቀት መጣ። ከዚያ ሙቀቱ ስለት ሆነ። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ። ኪኒኑን ያኔ ብወስደው እስኪሠራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ያን አንድ ሰዓት በሕይወቴ አልረሳውም። ብሎኩ ጥሩ ነው፣ ዛሬም ቢሆን እመርጠዋለሁ። ግን እንደሚለቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የዘጌ ልጅ፣ እናትሽ "አላመመኝም" ብትልሽም ኪኒኗን በሰዓቱ አስውጫት።

የሌሊት ሲስተር | ሰኞ፣ ሌሊት 7፡10

አሁን ተረኛ ነኝ፤ ዋርዱ ትንሽ ጸጥ ስላለ ነው የምጽፈው። "ቻይው" የተባለችው እህትሽ ታሪክ ልቤን ነካው። ሙያዬ ነውና ስለዚያች ተረኛ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሌሊት ለሁለት ሆነን ሠላሳ አልጋ የያዝንበት ጊዜ አለ። አንዷ ደም እየፈሰሳት፣ አንዷ ግፊቷ ወጥቶ፣ ያቺ ዝም ብላ የተኛችው ደህና ትመስለናለች። የእኛ አገር እናት ደግሞ አትጮህም። "እንዴት ነሽ እናቴ?" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን" ትለኛለች። እጇን ስይዘው ግን በረዶ ነው፤ የልብ ምቷ 120 ይመታል።

ስለዚህ "እንዴት ነሽ" ማለት ትቻለሁ። "ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" ስላቸው ደግሞ ቁጥሩ የማይገባቸው አሉ። ለእነሱ በጣቴ ነው የማሳያቸው። "አንድ ጣት ማለት ትንሽ ቆንጠጥ፤ አሥሩም ማለት ምጥ" እላለሁ። ምጥ ያየች እናት ይሄን ወዲያው ትረዳለች። በዚያው ላይ "ሲያስሉስ?" እላለሁ። ዝም ብለው ሲተኙ ሁለት ጣት የሚያሳዩኝ ሲያስሉ ስምንት ያወጣሉ። መታከም ያለበት ያ ስምንቱ ነው።

ለአስታማሚ የምለው፦ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደታዘዘ ካርዱ ላይ አስነብበሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ ከተባለ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ እስኪያማት አይጠበቅም። ሰዓቱ ደርሶ ካልመጣን ተነሽና ጥሪን። አታፍሪ። አስታማሚ ስትጠራን ሥራ ታቀልልናለች። ከቤት ያመጣችሁትን ኪኒን ግን ሳትነግሩን አትስጡ፤ ሁለት ጊዜ ይሆንና ጉበት ይጎዳል።

ግሽ ዓባይ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ጣልቃ ልግባ። አክስቴ ማህፀኗ ወርዶባት በታች በኩል ይጠገናል ተብላለች። ሆዷ አይከፈትም። ለእሷም ይሄ ታፕ የምትሉት ይሆናል?

የማደንዘዣ ሰው | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡45

ለአክስትህ ታፕ አይጠቅማትም። ቁስሉ ሆድ ላይ ስላልሆነ ነው። የብልት አካባቢ ስሜት በሌላ ነርቭ ነው የሚሄደው፤ ፑደንዳል ይባላል። የሚያልፈውም ዳሌ ውስጥ በጣት በሚዳሰስ አንድ ሹል አጥንት አጠገብ ነው። የማህፀን ሐኪሞች እሱን በብልት በኩል አጥንቱን ዳስሰው ማደንዘዝ ያውቃሉ፤ ለወሊድም የኖረ ዘዴ ነው። እንዲህ ያለው ጥገናና የፊስቱላ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ በስፓይናል ነው የሚሠራው። የታችኛው ቁስል ሕመምም ብዙ ጊዜ ከሆዱ ይቀላል። አክስትህ "ፑደንዳል ይሠራልኛል ወይ?" ብላ ብትጠይቅ ጥሩ ነው። ካልተሠራም ኪኒኑ በሰዓቱ ይሁንላት።

ጀማሪ ሐኪም | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እኔ ከባህር ዳር ራቅ ያለ ወረዳ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ያለችን አንዲት አልትራሳውንድ ናት፤ እሷም ከነፍሰ ጡር ክፍል አትወጣም። በወር ብዙ ኦፕሬሽን ወሊድ አለን። እንዲህ ላለ ቦታ ምን ትመክራለህ? ኳድራተስ ሉምቦረም የሚባለው ሌላ ብሎክ ይሻላል ሲሉም ሰምቻለሁ።

የማደንዘዣ ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ዶክተር፣ ያለ አልትራሳውንድም መንገድ አለ። ታፕ ሲጀመር ራሱ ያለ አልትራሳውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ራፊ የሚባል ሐኪም ሲጽፈው ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ፣ ወደ ጎን ባለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን በኩል መርፌዋን ቀጥ አድርጎ በማስገባት ነው። የጡንቻውን ሽፋን ስታልፍ ጠብ ስትል በእጅ ይሰማል። በአልትራሳውንድ መሠራት የተለመደው ከ2007 ወዲህ ነው። ግን በእጅ ስሜት ብቻ መሥራት ልምድ ይፈልጋል። አጠገብህ የሚያሳይህ ሰው ሳይኖር አትጀምረው።

ለአንተ ቦታ የምመርጠው ቀላሉን ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ከመዝጋቱ በፊት የቁስሉን ጠርዝ ሽፋን በሽፋን ማደንዘዣ ይውጋው። ማሽን አይፈልግም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። እንደ ታፕ ረጅም ላይሆን ይችላል፤ ግን ከምንም በጣም ይሻላል። በዚያ ላይ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ በሰዓታቸው ከተሰጡ እናቲቱ ልጇን ታጠባለች።

ኳድራተስ ሉምቦረም ከታፕ ወደ ኋላ፣ ወደ ወገብ ጠጋ ብሎ የሚሠራ ነው። መድኃኒቱ ወደ አከርካሪው ጎን ሊሄድ ስለሚችል የውስጡንም ሕመም በመጠኑ ይነካል ተብሎ ይመረጣል። ጥልቅ ስለሆነ ግን አልትራሳውንድና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ እግር የማዛል ነገርም አለበት።

ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር። ስፓይናሉ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ንጹሕ ሞርፊን በጣም በትንሹ፣ 100 ማይክሮ ግራም ያህል ከተጨመረ ለአንድ ቀን ያህል ይይዛል፤ የውስጡንም ሕመም ጭምር። እሱ ካለ ታፕ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ያሳክካል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽም መከታተል ግድ ይላል። ሞርፊኑ በሌለበት ቦታ ግን ብሎክ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ አልትራሳውንዱን ከክፍል ክፍል እየተዋዋስን እንሠራለን።

የዘጌ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

እናቴ ተኝታለች። ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ የማደንዘዣ ባለሙያው ሊያያት መጣ። ወጣት ነው። አፏን ከፍታ እንድታሳየው፣ አንገቷን ቀና እንድታደርግ ጠየቃት። አለርጂ፣ አስም፣ ጨጓራ እያለ ጠየቀ። እኔ ከዚህ የጻፋችሁልኝን ወረቀት ላይ ገልብጬ ይዤ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ጠየቅሁ።

"ስፓይናሉ ውስጥ ሞርፊን አለ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "አሁን የለንም" አለ። "ታፕ ብሎክስ?" አልኩት። ፈገግ አለና "ሕክምና ትማሪያለሽ?" አለኝ። "የለም፣ እናቴ እንዳታማት ነው" አልኩት። "እሠራላታለሁ" አለኝ። ኪሎዋ ካርዱ ላይ አልነበረም። ሚዛን ላይ አወጣናት፤ 48 ሆነች። እኔ በግምት 60 ልል ነበር። በቀሚስና በጋቢ ስለማያት ይሆናል፣ መክሳቷን ልብ አላልኩም። ሚዛኑን ሳይ እንባዬ መጣ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ልጄ፣ ሰውየውን አታስጨንቂው" አለችኝ። እሱ ግን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ እርስዎ ነዎት ሊያስጨንቁኝ የሚገባ። ነገ ሲያምዎ ይጥሩኝ፤ ዝም እንዳይሉ" አላት። አንገቷን ነቀነቀች። ቃሏን ከሰጠች ታከብረዋለች።

የሌሊት ሲስተር | ሐሙስ፣ ማታ 4፡00

ማርያም ትቅደምላት። ነገ ስትወጣ ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ያዢላት። ስታስል ሆዷ ላይ ጫን ታድርገው።

የዘጌ ልጅ | እሑድ፣ ቀን 8፡20

ይቅርታ፣ ስልኬን ለመክፈት ጊዜ አላገኘሁም። እናቴ ደህና ናት። ተመስገን።

አርብ 3 ሰዓት ገባች፤ 5 ሰዓት ተኩል አለቀ። ባለሙያው ብሎኩን እዚያው ሠርቶላታል፤ በእያንዳንዱ ጎን 16 ሚሊ ነው ያለኝ። ለወገቧ የተሰጣትንም አስቦ ቀንሶላታል። ከሰዓት በኋላ እግሯ ተመለሰ። ያቺን እትዬን ያየሁባትን ሰዓት እየጠበቅሁ ፊቷን ሳይ ዋልኩ። አልመጣችም። 11 ሰዓት ላይ ቁስሏን በነጠላው ላይ ነካ አድርጋ "የኔ አይመስለኝም" አለች። ፋሲሎ 77፣ አንቺን አስታወስኩሽ።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከውስጥ የሚቆርጣት ነገር መጣ። "ወር አበባ ሊመጣ ሲል እንደነበረው ነው" አለች። እናንተ ባትነግሩኝ ብሎኩ አልሠራም ብዬ እደነግጥ ነበር። ነርሷን ጠራሁ፤ ዳይክሎፌናክ ወጋቻት፤ ቀስ እያለ ለቀቃት። በግራ በኩል የቁስሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ከቀኙ ቀድሞ ያማት ጀመር፤ ያ በኩል ትንሽ ሳይያዝ ቀርቶ ይሆናል አሉኝ። አንዴ አስመልሷታል።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ፓራሲታሞል። "ምንም አላመመኝም፣ ተይኝ ልተኛ" አለች። አስዋጥኳት። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ብሎኩ ለቀቀ መሰለኝ፣ ነቃች። ስንት ነው ስላት ጣቷን ከጋቢው ውስጥ አውጥታ አሳየችኝ። አራት። ሲያስሉስ ስላት ጋቢውን ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ አሳለችና አምስት አደረገችው። ሲስተር፣ ጨለማ ውስጥ አምስት ጣቷን ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግርሽም። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ "አመመኝ" ብላ የነገረችኝ ያን ሌሊት ነው። ተረኛዋን ጠራኋት፤ መጥታ በደም ሥሯ ትራማዶል ጨመረችላት። ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሆነን ደግፈን አስነሳናት። እግሯ አልዛለም። እስከ መስኮቱ ሄደች። ከዚያ ሐይቁ ይታያል።

ሽንብጥ | እሑድ፣ ማታ 1፡30

እንኳን እግዚአብሔር ማራት። ስለ ባለቤቴ ለማደንዘዣው ወንድማችን ለብቻ ጽፌለታለሁ። ለማክሰኞ አምጣት አለኝ፤ እወስዳታለሁ።

የማደንዘዣ ሰው | እሑድ፣ ማታ 2፡15

ደስ ብሎኛል። የግራው ጫፍ እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሹ በሁለቱም ጎን እኩል አይንሰራፋም። ለሠራላት ልጅ ንገሪው፤ ይጠቅመዋል። እኛ ብሎኩን ሠርተን ወደ ሌላ ታካሚ ነው የምንሄደው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው እምብዛም የለም። ወደ ቤት ስትሄድ ግን በምን ነው የምትወስጃት? ዘጌ በጀልባ ይንገጫገጫል።

የዘጌ ልጅ | እሑድ፣ ማታ 2፡50

ነግሬዋለሁ። ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

ነገ ከነገ ወዲያ ትወጣለች ብለዋል። መጀመሪያ ስፌቱ እስኪፈታ እኔ ቤት ትቆያለች። እሷ ግን ዶሮዎቿን ማን ያያቸዋል እያለች ነው። ስትመለስ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ በመጀመሪያው ጀልባ ይዣት እሄዳለሁ፤ መሃል ላይ ነው የማስቀምጣት። ጋቢው ተጠቅልሎ ተዘጋጅቷል።